«ደም ለመስጠት ሄጄ የጉበት ቫይረስ አለብህ ተባልሁ»

የጤና ዓምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና የሐኪም መልሶች

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው አምስት ደብዳቤዎች ሁሉም ከአዳማ የተላኩ ሲሆኑ፣ የሚጠይቁትም ጉበትን ስለሚያጠቃው ቫይረስ፣ ስለ ሄፓታይተስ ሲ ነው። በጸሐፊዎቹ ፈቃድ ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ ስማቸውን ሳንጠቅስ አቅርበናል። የመጀመሪያው ብዙ ጉዳይ ስለሚያነሣ መልሱ ረዝሟል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ43 ዓመት የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ፤ ከአዳማ ጅቡቲ እመላለሳለሁ። በመሥሪያ ቤታችን የደም ልገሳ ሲደረግ ከሌሎች ጋር ሰጥቼ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተደውሎልኝ ስሄድ የጉበት ቫይረስ ስላለብህ ሐኪም ዘንድ ቅረብ ተባልሁ። በተሰጠኝ ወረቀት ላይ «አንቲ ኤች ሲ ቪ» ከሚለው ፊት ለፊት «ሪአክቲቭ» ተብሎ ተጽፏል። እኔን ምንም አያመኝም። ባለቤቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርጭቆዬንና ሳህኔን ለይታለች፤ ልጆቹም ከእኔ ጋር በአንድ ትሪ መብላት ትተዋል። እናቴ ደግሞ የወፍ በሽታ ነው፣ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ካልወሰድሁህ ትለኛለች። ለመሆኑ ከየት አመጣሁት? ገዳይ ነው የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ፦ በቤትዎ የተነሣው ሁከት ሁሉ የመጣው ከዚያች አንዲት መስመር ስለሆነ ከወረቀትዎ እንጀምር። ደምዎ ላይ የተሠራው ምርመራ ቫይረሱን ራሱን አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሰውነትዎ ቫይረሱን ለመከላከል ያመረተውን አንቲቦዲ ነው፤ «ሪአክቲቭ» ማለትም ምርመራው አንቲቦዲውን አመልክቷል ማለት ነው። አንቲቦዲ ደግሞ ሌባው ከግቢ ከወጣ በኋላ እንደሚቀር ዱካ ነው፤ ቫይረሱ አንድ ጊዜ ገብቶ እንደነበር ይናገራል እንጂ አሁንም ስለመኖሩ አይመሰክርም። ሄፓታይተስ ሲ ከያዛቸው 100 ሰዎች መካከል 30 የሚሆኑት በ6 ወር ውስጥ ያለ ምንም መድኃኒት ቫይረሱን ከሰውነታቸው ያስወግዱታል፤ የእነርሱም ወረቀት ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አብዛኛውን ጊዜም ዕድሜ ልካቸውን «ሪአክቲቭ» እያለ ይኖራል። ከዚህ በተጨማሪ ምርመራው አልፎ አልፎ ቫይረሱ ፈጽሞ ባልነካው ሰው ላይ በስሕተት አዎንታዊ ሊሆን ይችላል። ደም ባንክ እንዲህ ያለውን ደም የሚያስወግደው ተቀባዩን ለአደጋ ላለማጋለጥ በጥርጣሬም ቢሆን ስለሚጠነቀቅ ነው። ይህ ተገቢ ሥራ ነው፤ ለሰጪው ግን ገና የመጨረሻ ውጤት አይደለም።

ስለዚህ ሁለተኛ ምርመራ ያስፈልግዎታል። ይህ ምርመራ በደም ውስጥ የቫይረሱን ዘረ መል፣ ማለትም አር ኤን ኤውን የሚፈልግ ሲሆን፣ በላቦራቶሪ «ፒ ሲ አር» ወይም «ቫይራል ሎድ» ይሉታል። በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ስላልሆነ፣ በአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ወይም በሌላ ትልቅ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ቀርበው ናሙናው የት እንደሚሰጥ ይጠይቁ። ቫይረሱ ካልተገኘ ታማሚ አይደሉም፤ ወደ ማንም የሚያስተላልፉት ነገርም የለም። ከተገኘ ደግሞ ቀጥሎ ስለምነግርዎት ሕክምና መነጋገር እንጀምራለን። በሥራዬ ከሚያጋጥሙኝ ነገሮች በጣም የሚያናድደኝ ይህ ነው፦ የመጀመሪያውን ወረቀት ይዘው ለዓመታት የቆዩ ሰዎች አሉ፤ ገሚሶቹ ያለ ምክንያት ሲጨነቁ የኖሩ ናቸው፣ ገሚሶቹ ደግሞ መዳን ሲችሉ ጉበታቸው የተጎዳ።

ቀጥሎ ያለውን ክፍል ባለቤትዎም ቢያነቡት እወዳለሁ። ሄፓታይተስ ሲ የሚተላለፈው በደም ነው። በምግብ፣ በውኃ፣ በጉርሻ፣ በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት፣ በመሳሳም፣ በመጨባበጥ፣ በሳልም ሆነ በማስነጠስ አይተላለፍም። ምናልባት ግራ መጋባቱ የመጣው ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ የሚባሉት የዚሁ ስም ተጋሪዎች በተበከለ ውኃና ምግብ ስለሚተላለፉ ይሆናል፤ እነርሱ ግን ሌሎች ቫይረሶች ናቸው። በቤትዎ መለየት ያለበት ነገር ደም ሊነካው የሚችለው ብቻ ነው፤ ይኸውም ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የጥፍር መቁረጫና መርፌ ነው። ቁስል ሲኖርዎ ይሸፍኑት። በባልና ሚስት መካከል በግብረ ሥጋ ግንኙነት የመተላለፍ ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ሲሆን፣ ከፍ የሚለው ኤች አይ ቪ ወይም የአባላዘር ቁስል ሲኖር ነው። ሳህንና ብርጭቆው ዛሬውኑ ወደ ቦታው ይመለስ፤ ልጆችዎም ወደ ትሪው።

ከየት አመጣሁት ላሉት፣ የአንድን ሰው ቫይረስ ምንጭ በእርግጠኝነት መናገር ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ ቫይረሱ ምንም ምልክት ሳያሳይ 20 እና 30 ዓመት ሊቀመጥ ይችላልና። መንገዶቹ ግን ይታወቃሉ። ዋነኛው ንጽሕናው ያልተጠበቀ መርፌና የሕክምና መሣሪያ ነው። የሚጣል መርፌ እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን፣ ለወባም ሆነ ለሌላ ትኩሳት ሰፈር ውስጥ «መርፌ ወጊ» ተጠርቶ፣ አንዱን መርፌ ለብ ባለ ውኃ አለቅልቆ ለሁሉም የወጋበትን ጊዜ በእርስዎ ዕድሜ ያለ ሰው አይረሳውም። እንጥል ማስቆረጥ፣ ዋግምት፣ የድድና የፊት ንቅሳት፣ በቤት ውስጥ የሚደረግ ግርዛት፣ ጆሮ መብሳት፣ በአንድ ምላጭ ከአንድ በላይ ሰው ላይ እስከ ተሠሩ ድረስ ሁሉም በር ናቸው። ደም በአግባቡ መመርመር ከመጀመሩ በፊት ደም የተሰጣቸው፣ እንዲሁም አደንዛዥ ዕፅ በጋራ መርፌ የሚወስዱ ሰዎችም ከፍ ያለ ተጋላጭነት አላቸው።

የግብፅ ታሪክ ይህን ከምንም በላይ ያሳያል። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ መንግሥት ቢልሃርዝያን ለማጥፋት በገጠር ለሚኖረው ሕዝብ መርፌ በገፍ ይሰጥ ነበር፤ መስተዋት ሲሪንጆቹ በሚገባ ሳይቀቀሉ ከሰው ወደ ሰው ስለተዘዋወሩ፣ አንዱን በሽታ ለማዳን የተጀመረው ዘመቻ አገሪቱን በዓለም ከፍተኛ የሄፓታይተስ ሲ ስርጭት ካለባቸው አንዷ አደረጋት። እነዚያ ገበሬዎች የተያዙት ለመታከም በመሰለፋቸው ነበር። ስለዚህ ባለቤትዎ «ከማን አመጣኸው» ብለው የሚጠረጥሩ ከሆነ፣ ይህ ሕመም የጠባይ ማስረጃ እንዳልሆነ በትሕትና ያስረዱልኝ።

አሁን በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንይ። ቫይረሱ ደም ውስጥ ገብቶ የሚኖረውና የሚራባው በጉበት ሕዋሳት ውስጥ ነው። ጉዳቱን የሚያደርሰው በአብዛኛው ራሱ ቫይረሱ ሳይሆን፣ የሰውነት መከላከያ የተያዙትን ሕዋሳት ለመግደል ያለማቋረጥ የሚያደርገው ውጊያ ነው። ሕዋሳቱ ሲሞቱ በቦታቸው ጠባሳ ይሠራል። ጉበት በውስጡ የሕመም ስሜት የሚያስተላልፍ ነርቭ ስለሌለውና ብዙ ትርፍ አቅም ስላለው፣ ባለቤቱ ድካም ካልሆነ በቀር የሚሰማው ነገር ሳይኖር ጠባሳው እየሰፋ ይሄዳል። «ምንም አያመኝም» ማለትዎ ደስ ቢያሰኝም ማረጋገጫ የማይሆነው ለዚህ ነው። ቫይረሱ ከሚቆይባቸው ሰዎች ከ100 ከ15 እስከ 30 የሚሆኑት በ20 ዓመት ውስጥ ጉበታቸው በጠባሳ ተወርሮ ወደ መጠንከርና መኮማተር፣ ማለትም ወደ ሲሮሲስ ይደርሳሉ። ያን ጊዜ ደም በጉበት ውስጥ እንደ ልቡ ማለፍ ስለማይችል ግፊቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሆድ ውኃ ይቋጥራል፣ እግር ያብጣል፣ በምግብ ቧንቧ ውስጥ ያበጡ የደም ሥሮች ፈንድተው ሰው በድንገት ደም ያስታውካል፣ ጉበት ያላጣራው መርዝ ወደ አንጎል ሄዶ ቀንና ሌሊትን ያምታታል። የጉበት ካንሰርም የሚነሣው በአብዛኛው ከዚህ ደረጃ ላይ ነው። ቫይረሱ ከጉበት ውጪም ኩላሊትን፣ ቆዳንና የደም ሥሮችን ሊጎዳ፣ ለስኳር በሽታም ሊያጋልጥ ይችላል።

ስለዚህ ይገድላል ወይ ላሉት፣ ካልታከመ አንዳንዱን ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ሲ እንዳለባቸውና በ2022 እ.ኤ.አ. 242,000 ያህል ሰዎች በዚሁ ምክንያት እንደሞቱ ይገምታል። ጠባሳውን የሚያፋጥኑት ነገሮች ደግሞ በእጃችን ያሉ ናቸው። ቀዳሚው መጠጥ ነው፤ ቢራውም፣ ጠጁም፣ አረቄውም ለጉበት አንድ ናቸው። በረጅም መንገድ ላይ ጫት የሚቅሙ ከሆነም ይተውት፤ በምሥራቅ ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት ጫትን ከሥር ሰደድ የጉበት ሕመም ጋር አያይዞታል። ቡናዎን ግን አልከለክልዎትም፤ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ጉበት ላይ ጠባሳው ቀስ ብሎ እንደሚሄድ በተለያዩ አገሮች ታይቷል።

መልካሙ ዜና ሕክምናው ነው። ቫይረሱ ተለይቶ የታወቀው በ1989 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ለዚህ ሥራ ሃርቪ ኦልተር፣ ማይክል ሃውተንና ቻርልስ ራይስ የ2020ን የኖቤል ሽልማት በሕክምና ዘርፍ ተጋርተዋል። ቀድሞ የነበረው ሕክምና እስከ አንድ ዓመት የሚዘልቅ፣ ብዙዎችን አልጋ ላይ የሚጥል የኢንተርፌሮን መርፌ ነበር፤ የሚድነውም ከግማሽ ብዙም አይበልጥም ነበር። ዛሬ ሶፎስቡቪር ከዳክላታስቪር ወይም ከቬልፓታስቪር ጋር በየቀኑ ይዋጣል፤ በአብዛኛው ለ12 ሳምንት ብቻ። ከ100 ታካሚዎች ከ95 በላይ የሚሆኑት ፈጽመው ይድናሉ። ሌላው የጉበት ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ በመድኃኒት ይታገሣል እንጂ እምብዛም አይነቀልም፤ ዘረ መሉን በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ደብቆ ያስቀምጣልና። ሲ ግን እንዲህ ያለ መደበቂያ ስለሌለው መራባቱ ከተገታ ይጠፋል። ከመጀመርዎ በፊት ሐኪሙ ሄፓታይተስ ቢንም መመርመር አለበት፤ ሁለቱ አብረው ካሉ ሲ ሲጠፋ ቢ ሊነሣ ይችላልና። የሚወስዱትን ሌላ መድኃኒት ሁሉ፣ በተለይ የቲቢ፣ የሚጥል በሽታና የልብ ምት መድኃኒት ካለ፣ ሳይደብቁ ይንገሩት።

የእናትዎን ነገር በመጨረሻ አቆየሁት። ዓይን ቢጫ የሚያደርገው፣ በተለምዶ የወፍ በሽታ የሚባለው ሕመም ብዙ ጊዜ በኤ ወይም በኢ የሚመጣ ሲሆን፣ በጥቂት ሳምንታት በራሱ ይለቃል። በዚያ መካከል መድኃኒት አዋቂው ቅጠል ካጠጣ፣ ምስጋናው ለቅጠሉ ይሆናል። ሲ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዓይን አያቢጭም፤ በራሱ የማይለቅ ከሆነም ቅጠል አያወጣውም፤ አንዳንዱ ቅጠል ጭራሽ የታመመውን ጉበት ይመርዘዋል። በምላጭ በጥተው የሚያክሙ ከሆነ ደግሞ ወደ መጣንበት መንገድ መመለስ ነው። እናትዎን ሳያስቀይሙ፣ ሐኪም ዘንድ አብረውዎት እንዲሄዱ ቢጋብዟቸው የተሻለ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ፍራንኮ አካባቢ የወንዶች ፀጉር ቤት አለኝ። ደንበኞች ስለ ጉበት ቫይረስ እየፈሩ የራሳቸውን ማሽን ይዘው መምጣት ጀምረዋል። እኔ ለእያንዳንዱ ሰው ማሽኑን አልኮል ነፍቼ በላይተር አነድደዋለሁ። አይበቃም?

መልስ፦ ሥራዎን በጥንቃቄ ለመሥራት መፈለግዎ የሚያስመሰግን ነው፤ እሳቱ ግን ከሚሠራው ይልቅ የሚያሳየው ይበልጣል። ሰማያዊው ነበልባል በማሽኑ ጥርስ ላይ ብልጭ ብሎ ሲጠፋ ደንበኛው ደስ ይለዋል፤ በሁለቱ ስለቶች መካከል ተጣብቆ የቀረውን ፀጉርና ቅባት፣ በውስጡም ሊኖር የሚችለውን የደረቀ ደም ግን አይደርስበትም። በቤተ ሙከራ እንደታየው፣ ይህ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ በተራ የክፍል ሙቀት ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ማጽዳት ይቀድማል፤ የማሽኑን ጥርስ ፈትተው በብሩሽ ጠርገው በሳሙናና በውኃ ካጠቡ በኋላ፣ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር በተቀላቀለበት ውስጥ 10 ደቂቃ ያቆዩት፤ ከዚያም ብረቱ እንዳይዝግ አለቅልቀው፣ አድርቀውና ዘይት ቀብተው ይግጠሙት። ይህን በየሰዉ ማድረግ ስለማይቻል ሁለትና ሦስት ተለዋጭ ጥርስ መያዝ ይገባል። የበረኪናው ውሕድ በየቀኑ አዲስ ይሁን።

ከማሽኑ ይልቅ የሚያሳስበኝ ምላጩ ነው። ለሁለት ተሰብሮ መያዣው ውስጥ የሚገባው ምላጭ ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ደንበኛው እያየ ተከፍቶ፣ ሥራው ሲያልቅ ደንበኛው እያየ በጠንካራ ዕቃ ውስጥ ይጣል። «አላደማም» ተብሎ ለሚቀጥለው አይቆይም፤ ለዓይን የማይታይ ደም ይበቃልና። ማሽን ሳያደማ ፀጉር ከቆረጠ የመተላለፍ ዕድሉ በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ ደንበኞችዎ በዚያ ያን ያህል ባይሸበሩ መልካም ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ ክሊኒክ የምሠራ ነርስ ነኝ። ሄፓታይተስ ሲ ላለበት ታካሚ ደም ስቀዳ መርፌው ጣቴን ወጋኝ። መከላከያ መድኃኒት ልጀምር?

መልስ፦ ለሄፓታይተስ ሲ ከአደጋ በኋላ የሚሰጥ መከላከያም ሆነ ክትባት የለም። የተወጋውን ቦታ ሳይጨምቁ በሳሙናና በውኃ ይታጠቡ፤ በመርፌ ጠቅታ የመያዝ ዕድሉ ከ100 ከ2 ያነሰ ነው። አሁን መነሻ ምርመራ፣ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ የአር ኤን ኤ ምርመራ፣ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ደግሞ የአንቲቦዲ ምርመራ ያድርጉ፤ ቢያዙም እንኳ የሚያድን መድኃኒት አለ። ይልቅ የሚያጣድፈው ኤች አይ ቪ ነው፤ የእርሱ መከላከያ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት በፊት መጀመር አለበት። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ካልተሟላልዎትም ያሟሉ።

ጥያቄ፦ 27 ዓመቴ ነው፤ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሁለተኛውም ምርመራ ሄፓታይተስ ሲ መኖሩን አረጋግጧል። ልጄ ይያዝብኛል? ጡት ማጥባትስ እችላለሁ?

መልስ፦ ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች ከሚወለዱ 100 ልጆች የሚያዙት ወደ 6 የሚጠጉ ናቸው፤ እናትየዋ ኤች አይ ቪም ካለባት ቁጥሩ ከፍ ይላል። በቀዶ ሕክምና መውለድ ይህን ስለማይቀንስ፣ ለዚህ ብቻ ብለው ኦፕራሲዮን አይጠይቁ። ሆስፒታል መውለድዎን ግን አያስቀሩት፤ ለሚያዋልዱዎትም አስቀድመው ይንገሩ። መድኃኒቱ በእርግዝና ወቅት ስለመስጠቱ ገና በቂ ማስረጃ ስላልተሰበሰበ፣ በተለምዶ ከወሊድና ከማጥባት በኋላ እንዲቆይ ይደረጋል። ሕመሙ በዓመታት እንጂ በወራት ስለማይሄድ ይህ መዘግየት ጉዳት የለውም።

ጡት ያጥቡ፤ ቫይረሱ በእናት ጡት ወተት አይተላለፍም። የጡትዎ ጫፍ ተሰንጥቆ ከደማ ብቻ፣ እስኪድን ድረስ ከዚያኛው ጡት የወጣውን ወተት እያለቡ ይድፉት። ልጅዎን በተመለከተ፣ የእናት አንቲቦዲ ወደ ልጁ ስለሚሻገር ከ18 ወር በፊት የሚሠራ የአንቲቦዲ ምርመራ ያሳስታል፤ ምርመራው ከዚያ በኋላ ይደረግ፣ ወይም የአር ኤን ኤ ምርመራ ከተገኘ ከ2 ወር በኋላ ማድረግ ይቻላል። ቢያዝ እንኳ አንዳንድ ሕፃናት በራሳቸው ያስወግዱታል፤ ካላስወገዱትም ከ3 ዓመት ጀምሮ የሚታከሙበት መድኃኒት አለ። በ6 ሳምንቱ የሚጀምረው ክትባት የሚከላከለው ቢን እንጂ ሲን ባይሆንም አያስተጓጉሉት።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት የ12 ሳምንቱን ሕክምና ጨርሼ ድነሃል ተብያለሁ። ወደ አረብ አገር ለሥራ ለመሄድ ስመረመር ግን ሄፓታይተስ ሲ አለብህ ተባልሁ። እንደገና ያዘኝ ወይስ መጀመሪያውኑ አልዳንሁም?

መልስ፦ ከሁለቱም አንዱ ላይሆን ይችላል። ያገኙት አንቲቦዲውን እንደሆነ እገምታለሁ፤ እርሱ ቫይረሱ ከጠፋ በኋላም ይቀራል። የመዳን ማረጋገጫው መድኃኒቱ ካለቀ ከ12 ሳምንት በኋላ የተሠራው የአር ኤን ኤ ምርመራ ነው። ያ ውጤት በእጅዎ ካለ፣ ካከመዎት ሐኪም ደብዳቤ ጋር አያይዘው ያቅርቡ፤ ካልተቀበሉት አዲስ የአር ኤን ኤ ምርመራ እንዲሠራልዎት ይጠይቁ። አንዳንድ መርማሪ ተቋማት በአንቲቦዲው ብቻ «ብቁ አይደለም» ብለው እንደሚመልሱ ደንበኞቼ ነግረውኛል፤ በሕክምና ዓይን ይህ ትክክል አይደለም፤ መመሪያው የአስቀጣሪው አገር ሲሆን ግን እኔም ሆንሁ እርስዎ ልንለውጠው ላንችል እንችላለን። ደም መስጠትም ከእንግዲህ አይፈቀድልዎትም፤ የደም ባንኩ ምርመራ ሁልጊዜ ይይዘዎታል።

ከሕክምናው በኋላ በተበከለ መርፌ ወይም ምላጭ ተጋልጠው ከነበረ ግን ዳግም መያዝ ይቻላል፤ አንድ ጊዜ መዳን ለወደፊቱ አይከላከልም። ይህንንም የሚለየው ያው የአር ኤን ኤ ምርመራ ነው። ሕክምናውን ሲጀምሩ ጉበትዎ ሲሮሲስ ደርሶ ከነበረ፣ ቫይረሱ ቢጠፋም የካንሰሩ ስጋት ሙሉ በሙሉ ስለማይጠፋ፣ ሄደውም ሆነ ቀርተው በየ6 ወሩ የጉበት አልትራሳውንድ መታየትዎን ይቀጥሉ።